ቁጥር 5፦ የግላስጎው ሠዓሊ ወይዛዝርት ቤት

ግላስጎው የዝናብ ከተማ ናት። የእኛ ክረምት ቢከፋም መስከረም ሲጠባ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ የዚያ አገሩ ግን መምጫውም መሄጃውም አይታወቅም። ለትምህርት በሄድሁባት በዚያች የስኮትላንድ ከተማ አንድ ቀን ጃንጥላዬን ረስቼ ወጣሁና ብላይዝዉድ ከተባለው አደባባይ ስደርስ ዶፉ ወረደብኝ። አደባባዩን የከበቡት ቤቶች የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ሁሉም ድንጋይ፣ ሁሉም ኮስታራ። ሮጥ ብዬ ካንደኛው በር ተለጠፍሁ። ዝናቡ ጋብ ሲል ዘወር ብዬ ባየው በሩ ጎረቤቶቹን አይመስልም። ሌሎቹ በአንድ ትእዛዝ የተሠሩ ሲሆኑ በዚህኛው ላይ ግን አንድ ሰው ተቀምጦ አስቦበታል። ቁጥሩ 5 ነው።

በማግሥቱ አብሮኝ ለሚማር የከተማው ተወላጅ ነገርሁት። «የማኪንቶሽ ሥራ ነዋ!» አለኝ። ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ ለግላስጎው ሰው ከአርክቴክትም በላይ ነው፤ በከተማው ያማረ ነገር ሁሉ ለእርሱ ይሰጣል። «ለማን ነው የሠራው?» ብለው፣ «ለሆነ የሴቶች ክለብ መሰለኝ» ብሎ ወደ ሻዩ ተመለሰ። ሠሪው ስም አለው፤ አሠሪዎቹ ግን «መሰለኝ» ሆነዋል። ይህቺ «መሰለኝ» ከንክናኝ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። እዚያም በ1950 የታተመ አንድ የማኅበር ታሪክ አገኘሁ። ጸሐፊዋ ደ ኮርሲ ልዊትዌት ዲዋር ትባላለች፤ የብረታ ብረት ጥበብ ባለሙያ፣ የማኅበሩም ፕሬዚዳንት የነበረች ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ በየአጋጣሚው ያነበብሁትን ጨምሬ ነው ይህን የምጽፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ እናንሣው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግላስጎው መርከብና ባቡር ሠርታ፣ ጥጥ ፈትላ ለዓለም የምትሸጥ ሀብታም ከተማ ነበረች። ሀብት ባለበት ሥዕል ገዢ አለ፤ ሥዕል ገዢ ባለበትም ሠዓሊ ይሰበሰባል። በ1867 ሠዓሊዎቹ የግላስጎው አርት ክለብን አቋቋሙ። የእንዲህ ዓይነት ክለብ ትልቁ ጥቅም ግድግዳው ላይ ሳይሆን ገበታው ዙሪያ ነው፤ ሠዓሊና ገዢ ይተዋወቁበታል፣ ማን ምን እያሠራ እንደሆነ ይሰማበታል፣ ወጣቱ ከአንጋፋው ጋር ይቀመጥበታል። ክለቡ ግን የወንዶች ነበር። ሴት አባል አይቀበልም።

ልብ በሉ፤ ሴቶቹ ሥዕል መማር አልተከለከሉም። በ1845 የተከፈተው የከተማዋ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች ነበሩት። ችግሩ ያለው ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ወዲህ ነው። ተምራ የወጣችው ልጅ የት ትሥላለች? ሞዴል በማን ቤት ታስቀምጣለች? ሥዕሏን ማን ያይላታል?

የሞዴሉ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ትልቅ ሥዕል ማለት የሰው ልጅ ያለበት ሥዕል ነው፤ የሰውን ልጅ ለመሣል ደግሞ ዕርቃኑን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ አጥንትና ጡንቻውን ማጥናት ግድ ነው። ሴት ይህን ማየቷ ነውር ነበር። ለንደን ያለው ሮያል አካዳሚ በ1768 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር የተባሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዞፋኒ የተባለ ሠዓሊ የአካዳሚውን አባላት በሞዴል መሣያው ክፍል ተሰብስበው ሣላቸው። ወንዶቹ በየወንበራቸውና በየቁመታቸው አሉ። ሁለቱ ሴቶችስ? ክፍሉ ውስጥ ዕርቃኑን የተቀመጠ ወንድ ስላለ ሊገቡ አይችሉምና ግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ሥዕል ተደርገው ተሣሉ! መሥራች አባላት ናቸው፤ ግን ጌጥ ሆነው ተሰቀሉ። ከእነርሱ በኋላ ሙሉ አባል የሆነች ሴት ለማየት እስከ 1936፣ እስከ ሎራ ናይት ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

የአካዳሚው ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋን ሴት ተማሪ የተቀበለው ደግሞ ተሳስቶ ነው። በ1860 ሎራ ሄርፎርድ የተባለች ልጅ ሥራዋን ስታቀርብ ስሟን በመነሻ ፊደል ብቻ ጻፈችና ወንድ መስላቸው አሳለፏት። በዚያው ትምህርት ቤት ሴቶች ገላው በጨርቅ የተሸፈነ ወንድ ሞዴል አይተው እንዲሥሉ የተፈቀደው ገና በ1893 ነው።

እንግዲህ በ1882 ግላስጎው ውስጥ ስምንት ሴቶች ማኅበር ያቋቋሙት በእንዲህ ያለ ዘመን ነው። ሁሉም በከተማዋ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው። ሐሳቡን የደገፈላቸው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሮበርት ግሪንሊስ ሲሆን፣ ልጁ ጆርጂና ግሪንሊስ የመልክዓ ምድር ሠዓሊና እዚያው አስተማሪ የነበረች፣ ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። ማኅበሩን «ሌዲ አርቲስትስ» አሉት፤ በእኛ አነጋገር የሠዓሊ ወይዛዝርት ማኅበር መሆኑ ነው። በስኮትላንድ የመጀመሪያው ነው።

ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል እንደ እናቶቻችን የጽዋ ማኅበር የራሱ የሆነ ቤት አልነበረውም። በ1893 ግን ብላይዝዉድ አደባባይ ቁጥር 5 ላይ የራሳቸውን ቤት ያዙ። እዚህ ላይ አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ። የወንዶቹ አርት ክለብም ባዝ ስትሪት ከተባለው ጎዳና ላይ ዛሬም ድረስ ያለበትን ቤት የከፈተው በዚያው በ1893 ነው። ሁለቱ ቤቶች በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው የሚለያያቸው። ወጣቱ ማኪንቶሽም በወንዶቹ ቤት ሥራ ላይ ንድፍ ነዳፊ ሆኖ እጁን አስገብቷል። አንዲት ሠዓሊ ከሁለቱ ቤቶች ወደ አንደኛው ብቻ ነበር መግባት የምትችለው።

ቤቱ ምን አመጣላቸው? ከሁሉ በፊት ግድግዳ። ከበስተኋላ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ አስጨመሩና ጆርጅ ዎልተን የተባለ የታወቀ የቤት ውስጥ አስጊያጭ አሰማመረላቸው። ከዚያ ወዲያ ሥዕላቸውን የሚሰቅሉት የማንንም ደጅ ጠንተው አልነበረም። ሁለተኛ፣ ሞዴል አስቀምጠው የሚሥሉበት ቦታ። ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው፤ አንዲት ሴት ብቻዋን መጥታ፣ ሻይ አዝዛ፣ ጋዜጣ አንብባ፣ ከሙያ ጓደኞቿ ጋር ስለ ቀለም ዋጋና ስለ ገዢ አውርታ የምትሄድበት ቤት። ወጪው ከየት ይምጣ? ራሳቸው የማይሥሉ ነገር ግን ጥበብ የሚወዱ ሴቶችም መዋጮ እየከፈሉ በአባልነት ይገቡ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ስኮትላንድም ይሠራል።

በ1908 ቤቱን ማሳደስ ፈለጉና ማኪንቶሽን ቀጠሩት። በዚያን ጊዜ ስሙን ያስጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሕንጻ ሁለተኛ ክፍል እያስገነባ ነበር። በሩን የሠራላቸው ያኔ ነው። እኔ ዝናብ የተጠለልሁበት በር ማለት ነው። እስኪ አስቡት፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ስምንት ሆነው የተነሡት ሴቶች የከተማዋን ምርጥ አርክቴክት አሠሪ ሆኑ።

ከዚህ ላይ ስለ ጥልፍ ትንሽ ላንሣ፤ ለእኔ የቤት ጉዳይ ነውና። እናቴ ጠላፊ ነበረች። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ጥለቷን ከእርሷ መርፌ ነበር የምታገኘው። ከመጀመሯ በፊት ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ታየው ነበር፤ አሁን ሳስበው ሠዓሊ ሸራ ፊት ቆሞ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «እጀ ወርቅ» ያላት ብዙ ነው፤ ሠዓሊ ያላት ግን አንድም ሰው አላስታውስም፤ እኔም አላልኋት። በግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደግሞ ጄሲ ኒውቤሪ የተባለች ሴት በ1894 ጥልፍን እንደ ሥዕልና እንደ ቅርጻ ቅርጽ ሁሉ የሚያስተምር ክፍል ከፈተች። ለጥልፍ ውድ ሐር አያስፈልግም፤ ተራ ጨርቅ ላይም ጥሩ ንድፍ ካለ ጥበብ ይሆናል የሚል እምነት ነበራት። እርሷን የተካችው አን ማክቤት በ1910 አንድ የበፍታ ጨርቅ ሠራች። በጨርቁ ላይ የመምረጥ መብት ሲጠይቁ ታስረው የረኀብ አድማ የመቱ የ80 ሴቶች ፊርማ ተጠልፏል። ጨርቁ ለጨረታ ቀርቦ ተሸጠና በዚያው ዓመት ለንደን ላይ በተደረገው ሰልፍ እንደ ዓላማ ተይዞ ወጣ፤ አሁን በለንደን ሙዚየም ይገኛል። ዲዋርም ብትሆን የዚሁ ትግል ሰው ነበረች። በቁጥር 5 ሥዕል ብቻ ነበር የሚወራው ብሎ የሚያምን ካለ ይመን።

ስለ ምርጫ መብት ትግል ከተነሣ አንባቢዬ በቅርብ ወደምታውቃት አንዲት ሴት ልውሰዳችሁ። አዲስ አበባ፣ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት የተቀበረች እንግሊዛዊት አለች፤ ሲልቪያ ፓንክረስት። ፋሺስት ጣሊያን ሲወርረን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ በ1936 አቋቁማ የጮኸችልን፣ በ1956 አዲስ አበባ ገብታ የኖረች፣ በ1960 በመስቀል ዕለት ያረፈች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሲልቪያ በሙያዋ ሠዓሊ እንደነበረች የሚያውቀው ግን ስንት ነው? የተወለደችው የግላስጎው ማኅበር በተቋቋመበት በ1882፣ ማንቸስተር ከተማ ነው። ሥዕል የተማረችውም በማንቸስተርና በለንደን ነው።

በ1903 ላይ አንድ ነገር ደረሰባት። በአባቷ መታሰቢያነት አንድ አዳራሽ ተሠርቶ ግድግዳውን በሥዕል እንድታስጌጥ ተጠየቀች። ሣለችም። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ከአዳራሹ ጋር የተያያዘው ክለብ ሴት አባል እንደማይቀበል ሰማች። የአባቷ ስም ያለበት፣ የራሷ እጅ ያረፈበት ቤት! እናቷ ኤመሊን ፓንክረስት በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የሴቶችን ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት ያቋቋመችው ከዚህ ቁጣ በኋላ ነው። እንግዲህ የብሪታንያን ፖለቲካ ያናወጠው ያ ንቅናቄ ከተቀጣጠለባቸው እሳቶች አንዱ የሥዕልና የበር ጉዳይ ነበር።

ሲልቪያ በ1907 ሠርቶ አደር ሴቶችን ለመሣል በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ ስትዞር ግላስጎው ደረሰች። የገባችው ግን ብላይዝዉድ አደባባይ ሳይሆን ጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ነው። የማሽኑ ጩኸትና ሙቀቱ ራሷን እስኪያስታት ድረስ ቆማ ሣለች። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ አንዲት ሴት የክር ማጠንጠኛ ስትቀይር ትታያለች፤ ቀለሙ የውኃ ቀለም ነው፣ ሴትዮዋ እኛን አታየንም፣ ዓይኗ ክሩ ላይ ነው። ዛሬ በለንደኑ ቴት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው።

ይህን ሥዕል ሳይ ነው ስለ ቁጥር 5 ያለኝ አድናቆት ትንሽ የሚሸረፈው። በማኅበሩና በዙሪያው የነበሩት ሴቶች የማን ልጆች ነበሩ? የጄሲ ኒውቤሪ አባት ሻል አምራች ነው። የመጻሕፍት ሥዕል ዝነኛዋ ጄሲ ማሪዮን ኪንግ የቄስ ልጅ ናት። አን ማክቤት የመሐንዲስ፣ ኖራ ኒልሰን ግሬይ የመርከብ ባለቤት፣ ዲዋር ሲሎን ውስጥ የነበረ የሻይ አልሚ ልጆች ናቸው። የማኅበሩ ስም «ወይዛዝርት» ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የክር ማጠንጠኛ የምትቀይረዋ ሴት በዚያ በር የምትገባው ሞዴል ሆና ወይም ሻይ አቅራቢ ሆና ካልሆነ በቀር በምን ትገባለች? ከአንዱ በር የተገፉ ሰዎች የራሳቸውን በር ሲያበጁ ከደጅ የሚቀር ሌላ ሰው መኖሩ አይቀርም። እንዲህ ስል ግን የሴቶቹን ሥራ ላራክስ አይደለም። ወይዘሮ መሆን ቤት ለመግዛት ጠቀማቸው፤ ሠዓሊ ለመባል ግን እንቅፋት ነበር። «ወይዘሮ ናት፣ ለጊዜ ማሳለፊያ ትሥላለች» የሚለውን ንቀት የሚያውቀው ያውቀዋል።

ያን ንቀት በሥራዋ ከመለሱት አንዷ ኖራ ኒልሰን ግሬይ ናት። እርሷም እንደ ሲልቪያ በ1882 የተወለደች ናት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የስኮትላንድ ሴት ሐኪሞች ሆስፒታል ልናቋቁም ብለው ቢጠይቁ የብሪታንያ ጦር ሚኒስቴር አልፈልግም አላቸው፤ ፈረንሳይ ግን እሺ አለች። ከፓሪስ በስተሰሜን ሩዋዮሞን የተባለ ጥንታዊ ገዳም ውስጥ ሐኪሙም አስታማሚውም ሴት የሆነ ሆስፒታል ተከፈተ። ኖራ በ1918 እዚያ አስታማሚ ሆና ሠራች፤ ከሥራ ሰዓት ውጭም ሣለች። ቅስት ቅስት በሆነው የገዳሙ ዙሪያ መተላለፊያ ውስጥ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ዶክተር ፍራንሰስ አይቨንስ አንድ ፈረንሳዊ ቁስለኛ ትመረምራለች። ሥዕሉ ለንደን በሚገኘው የጦርነት ሙዚየም ይገኛል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ዞፋኒ ሴቶቹን ግድግዳ ላይ የሰቀላቸው የወንድ ገላ እንዳያዩ ነበር። ኖራና ጓደኞቿ የወንድን ገላ እስከ አጥንቱ አዩት፤ ነውር ነው ያላቸው የለም።

በ1921 ኖራ ግላስጎው ውስጥ ባለው ሮያል ኢንስቲትዩት ሥዕል መርጦ የሚሰቅለው ኮሚቴ አባል ሆና ተመረጠች፤ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ይህ ሹመት ለማያውቀው ተራ ሊመስል ይችላል። በዚያ ዘመን ኤግዚቢሽን ግን ግድግዳው ከወለል እስከ ጣራ በሥዕል ይሞላ ነበርና ዓይን ትይዩ የተሰቀለው ይሸጣል፣ ጣራው ሥር የተሰቀለው አንገት ያሳምማል እንጂ ገዢ አያገኝም። የማን ሥዕል የት እንደሚሆን የሚወስነው ሰው እንጀራ ያበላል፣ እንጀራ ይነሣል። ኖራ ብዙ አልቆየችም፤ በ1931 ሞተች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ እንደ መጀመሪያው አይደምቅም። ሁለተኛው ጦርነት መጣ፣ ሄደ። ዲዋር በ1950 የማኅበሩን ታሪክ ጻፈች፤ በ1959 አረፈች። ትልቅ የድንጋይ ቤት ማሞቅና ማደስ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ወጣቶቹ ሠዓሊዎችም የእናቶቻቸው ዓይነት ክለብ አላማራቸውም። በ1971 ማኅበሩ ፈረሰ፤ ቤቱም ከእጃቸው ወጣ። በዚያን ዓመት ባዝ ስትሪት ያለው የወንዶቹ ክለብ ገና ሴት አባል አይቀበልም ነበር። የተቀበለው በ1983 ነው። ሰባ ስምንት ዓመት በቅርብ ርቀት የኖሩት ሁለቱ ቤቶች አንደኛው ከተዘጋ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ተከፈተ ማለት ነው። በዚያ መካከል ለነበረችው ወጣት ሠዓሊ ያ ሁሉ የ1882 ጥያቄ እንዳለ ተመለሰባት።

ደግነቱ ማኅበሩ ሞቶ አልቀረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቀሩት አባላት ተሰባስበው እንደገና አቆሙት። ሲያቆሙት አንድ ቃል ቀየሩ። «ሌዲ» የሚለውን ትተው የግላስጎው ሴት ሠዓሊያን ማኅበር አሉት። ወይዘሮነቱ ቀርቶ ሴትነቱ በቃ። በ1990 ደግሞ ጁድ ቡርክሃውዘር የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ የእነዚህን ሴቶች ሥራ ሰብስባ በከተማዋ ትልቁ ሙዚየም በኬልቪንግሮቭ አሳየች። ርእሱን «የግላስጎው ልጃገረዶች» አለችው። «የግላስጎው ወንዶች ልጆች» የተባሉ ሠዓሊዎች ስም ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲጠራ የኖረ ነውና መልሱ የገባው ገብቶታል።

የማኪንቶሽ ትልቅ ሥራ የሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ሕንጻ በ2014 ተቃጠለ፤ ጥገናው ሳያልቅ በ2018 እንደገና ነደደ። ዜናውን በቴሌቪዥን ሳይ ያ የክፍል ጓደኛዬ ትዝ አለኝና ስልክ ደወልሁለት። ሲያዝን ቆየና «እንግዲህ ከእርሱ ሥራ ምን ቀረ?» አለኝ። አርት ክለቡን፣ የሻይ ቤቱን፣ ሌላም ሌላም ቆጠረ። ብላይዝዉድ አደባባይን ዘለለው።

«ቁጥር 5ስ?» አልሁት።

«አዎ» አለኝ፤ «የሠዓሊ ሴቶቹ በር።»